የአጥራችን ወይራና የሻሚስ ወተት

በእኔና በሻሚስ ግቢ መካከል፣ ልክ አጥሩ ላይ፣ አንድ ወይራ ቆሟል። ማን እንደተከለው የሚያውቅ የለም። እኔና ባለቤቴ ጅጅጋ መጥተን ይህን ቤት ስንይዝ ነበረ። ሻሚስ ደግሞ «እኔ ከመወለዴ በፊትም ነበረ» ትላለች፤ እንዲህ የምትለው ዛፉን በዝምድና ለመውሰድ ነው። ጥላው የሚያርፈው በእሷ ግቢ ነው። ቅጠሉ የሚረግፈው ግን በእኔ ቆርቆሮ ላይ ነው። አሸንዳዬን ይደፍነውና ዝናብ በመጣ ቁጥር ውሃው የስፌት መኪናዬ ባለበት ክፍል ግድግዳ ላይ ይወርዳል።

«ይቆረጥ» እላታለሁ።

«ጥላዬን?»

«እሺ፣ ወደ እኔ የመጣው ቅርንጫፍ ብቻ።»

«ዛሬ ቅርንጫፉ፣ ነገ ግንዱ። አውቅሻለሁ ጥሩአየሁ።»

በመጨረሻ የሰፈር ሽማግሌዎች ገቡና አንዳችን ያለ ሌላችን ፈቃድ እንዳንነካው አስማሙን። ከዚያ ወዲህ በሰርግም በለቅሶም፣ በኢድም በፋሲካም አብረን ነን። ወይራው ከተነሳ ግን እንኮራረፋለን። ኩርፊያው ብዙም አይቆይም፤ እሷ ወሬ ሳትነግረኝ ማደር አትችልም፣ እኔም ሳልሰማ።

ሻሚስ የግመል ወተት ነጋዴ ናት። ድሮ በአውበሬ በኩል የራሷ ግመሎች ነበሯት፤ የ2014ቱ ድርቅ ሁለቱን አስቀርቶ ሌሎቹን ወሰደባት። ስለ ሞቱት አታወራም። ስለ ቀሩት ግን ከጀመረች ማብቂያ የላትም፤ አንዷ ትዕቢተኛ ናት፣ ሌላዋ ትቀናለች፣ ልክ እንደ ሰው። ከድርቁ በኋላ ወተቱን ከአርብቶ አደር እየገዛች መሸጥ ጀመረች። ወተቱ ማለዳ ከአውበሬ መንገድ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ተጭኖ ይመጣል። ጅላል በሚሉት በጋ፣ መኪናው መንገድ ላይ ጎማ ከፈነዳበት ወይም ረዳቱ ጫት ሊገዛ ከወረደ፣ ወተቱ ሳይደርስ ይበላሻል። የተበላሸውን ሻሚስ በግቢዋ ቦይ ትደፋዋለች። ቦዩ በእኔ በር ነው የሚያልፈው። ስለዚህ የንግዷን ሁኔታ ሳልጠይቃት አውቅ ነበር፤ በሬ ላይ ዝንብ ከበዛ ያ ሳምንት ለሻሚስ መጥፎ ነው።

በ2016 በበጋው መጀመሪያ ላይ ከአዲስ አበባ አንዲት ሀይማኖት የምትባል ወጣት ሴት መጣች። ሻሚስና ወተት የሚሸጡ ጓደኞቿ ማኅበር ነበራቸው፤ ልጅቷ የመጣችው ለእነሱ ነው። ወይራው ሥር ምንጣፍ ተዘርግቶ ሲቀመጡ እኔ በአጥሩ ላይ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። እርግጥ ነው፣ የሚሰጣው ልብስ አንድ ፎጣ ብቻ ነበር።

«ጥሩአየሁ፣ ከአጥር ጀርባ ከምትሰሚ ገብተሽ ስሚ» አለች ሻሚስ። ገባሁ።

ሀይማኖት እንዳስረዳችው ድርቅንና ጎርፍን ለመቋቋም፣ ዛፍና ሣርም ለመጠበቅ ለሚሠሩ ማኅበራት ገንዘብ የሚሰጥ ፈንድ አለ። አረንጓዴ ፋይናንስ ይሉታል። እኔ በጨርቅ ሥራ ስኖር ብዙ ዓይነት አረንጓዴ አይቻለሁ፤ አረንጓዴ ገንዘብ ግን ሰምቼ አላውቅም ብላት ሳቀች፤ ሻሚስ ግን ሥራዬን አታበላሺ በሚል ዓይን አየችኝ።

ስምምነቱ ይህ ነው። ፈንዱ በፀሐይ የሚሠራ ትልቅ የወተት ማቀዝቀዣ ያስቀምጣል። ሴቶቹ ደግሞ ከካራማራ ወደ እኛ ሰፈር የሚወርደውን አንዱን የተራራ ጎን ይከልላሉ። እዚያ ጥቂት የወይራና የግራር ዛፎች ቀርተዋል፤ ተራራው ከተራቆተ ወዲህ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ ወደ ቤታችን ይወርድ ነበር። ከብት አይገባም፣ ዛፍ አይቆረጥም፣ ሣሩ ግን እየታጨደ በበጋ ለወተት ላሞችና ለፍየሎች ይሆናል። በጋው እስኪያልቅ ወተቱ ሳይደፋ ከተሸጠና ተራራው ሳይነካ ከቆየ፣ ማቀዝቀዣው የማኅበሩ ይሆናል፤ ሌላ የሚበልጥም ይጨመርላቸዋል። ካልሆነ ተጭኖ ወደ አውበሬ ይሄዳል፣ እዚያ ለተቋቋመው የሴቶች ማኅበር።

የአውበሬው ማኅበር ሊቀመንበር ሀምዲያ ናት፣ የሻሚስ ባል እህት። ሻሚስ ይህን ስትሰማ ፊቷ ላይ ያየሁትን ነገር ሀይማኖት ባታየው ይሻላል። ከዚያች ቀን ጀምሮ የማቀዝቀዣው ጉዳይ የወተት ጉዳይ ብቻ አልነበረም።

ሀይማኖት ከወረቀቷ ላይ አንድ መስመር ጮክ ብላ አነበበች። «ዛፍ ቆርጦ ማንደድ ፈጽሞ ክልክል ነው።» ሴቶቹ እርስ በእርስ ተያዩ። ሻሚስ ግን ማንም ሳይናገር ቀድማ ተነሳችና «ሃየ፣ ከዛሬ ጀምሮ ጭስ የሚባል ነገር የለም» አለች። ሀይማኖት ስለ የትኛው ጭስ እንደምታወራ አልገባትም፤ ቃሉ ግን ደስ ስላላት ራሷን ነቀነቀች።

ስለ የትኛው ጭስ እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። የሶማሌ ሴቶች ወተት የሚያስቀምጡት ሃን በሚሉት፣ ከተክል ሥር በጥንቃቄ በተሰፋ ዕቃ ነው። ወተት ከመግባቱ በፊት የጋለ የወይራ እንጨት ይከቱበትና አፉን ይዘው ያጥኑታል። ጭሱ ወተቱን ያቆየዋል፤ ከማቆየቱም በላይ ጣዕሙ እሱ ነው። በእኛ አገርም እናቴ የእርጎ ዕቃዋን በወይራ ታጥን ነበር። ሻሚስ ግን ዘመናዊ ሆና ለመታየት ቸኮለች። ሃኖቹን ሰብስባ ግድግዳ ላይ ሰቀለቻቸው። በምትካቸው የሚያብረቀርቁ፣ ክዳናቸው የሚገጥም የብረት ዕቃዎች መጡ፤ በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠባሉ።

ማቀዝቀዣውን የሚያንቀሳቅስ ባለሙያም ተቀጠረ፤ ናሁሰናይ ይባላል፣ ድሬዳዋ የተማረ፣ ትሑትና ጭምት ልጅ። ሶላሮቹን ጣሪያ ላይ ሲገጥም ሰፈሩ ሁሉ አንጋጦ ይመለከት ነበር። ዕድሜያችንን ሙሉ ከፀሐይ ስንሸሽ ኖረን አሁን ፀሐይ ታቀዘቅዛለች ሲሉን ማመን አቃተን። ሠራ ግን። በመጀመሪያው ቀን ናሁሰናይ ቴርሞሜትሩን አሳየንና «ወተቱ በጣም ጥሩ ነው» አለ።

«ቀምሰኸዋል?» አለችው ሻሚስ።

አቀረቀረ። ኦርቶዶክስ ነው፤ እንደ እኔው የግመል ወተት አይጠጣም።

«ሌላው ረቡዕና አርብ ይጾማል፣ የእኛ የወተት ባለሙያ ግን ከወተታችን ዕድሜ ልኩን ነው የጾመው» አልኩ።

«እትዬ ጥሩአየሁ፣ እርስዎም አይጠጡም እኮ።»

«እኔ ባለሙያ ነኝ አላልኩም።»

ለጥቂት ቀን ሁሉ ነገር ጥሩ ሄደ። ቦዩ ደረቀ፣ ዝንቡም ጠፋ። ቀጥሎ ወተቱ መመለስ ጀመረ። ቀድሞ የመለሰው ፈይሰል ነው፣ በአውቶቡስ መናኸሪያው አካባቢ ሻይ ቤት ያለው፤ በወተት የሚፈላ ሻይ እሱ ጋ ለመጠጣት ሰው ይሰለፋል። የብረቱን ዕቃ ራሱ ተሸክሞ መጣ።

«ኤዶ ሻሚስ» አላት፤ ታላቅ ሴትን በአክብሮት የሚጠሩበት ነው። «ወተቱ አልተበላሸም። ንጹሕ ነው። ግን የሆስፒታል ወተት ነው።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ደንበኛ አንድ ጊዜ ይጠጣና ‹ፈይሰል፣ ታመሃል?› ይለኛል። ቤቴ አይሸትም። የድሮው ወተትሽ እኮ ገና ከበሩ ይጣራ ነበር።»

ሻሚስ ናሁሰናይን ጠራችው። እሱም ቴርሞሜትሩን ይዞ መጣ፣ አሳየ፣ አስረዳ። ፈይሰል በትዕግሥት ሰማውና «ወንድሜ፣ ቴርሞሜትሩ ይጠጣው» ብሎ ሄደ።

በቀጣዩ ሳምንት ማቀዝቀዣው ቀዝቃዛና ንጹሕ፣ ማንም የማይፈልገው ወተት ሞላው። ቦዩ እንደገና እርጥብ ሆነ። ሻሚስ ከወትሮው ዝም አለች። ሀምዲያ ከአውበሬ ደውላ «ማቀዝቀዣዬን በደንብ ያዥልኝ፣ እንዳይጫር» ስትላት ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ ስለነበር እኔም ሰማሁ። ሻሚስ ሳቀች። ዝም ብላ ብትቀር ይሻል የነበረ ዓይነት ሳቅ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ማለዳ መስኮቴን ስከፍት የማውቀው ሽታ ገባ። የእናቴ ቤት ሽታ። በአጥሩ ላይ አንገቴን ሳወጣ ከሻሚስ ወጥ ቤት ጀርባ ቀጭን ጭስ ይወጣል። እሷ ጎንበስ ብላ የብረት ዕቃ አፍ በጨርቅ ይዛ ታወዛውዛለች።

«ጭስ የሚባል ነገር የለም ያለችው ማን ነበረች?» አልኳት።

ደነገጠች። «አባዮ፣ ዝም በይ» አለችኝ። አባዮ ማለት እህቴ ነው፤ የምትለኝ ወይ ስትወደኝ ወይ ስትፈራኝ ነው።

«እንጨቱን ከየት አመጣሽው?»

«ገበያ።»

«ገበያ? ይሄ ምንድን ነው ታዲያ?» አልኩና ከራሴ በላይ ያለውን ወይራ አሳየኋት።

ቀና ብላ አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። «እሱን ብነካ አንቺ ነሽ የምታሸንፊው» አለች።

እውነቷን ነው፣ በጣም ደስ ይለኝ ነበር። ስንት ዓመት «አይነካም» ያለችው ዛፍ ላይ መጋዝ ስታነሳ ማየት ለእኔ ትንሽ በዓል ነው። እሷም ይህን ስለምታውቅ ተሸፋፍና ገበያ ሄዳ፣ ከእንጨት ሻጩ አንድ እስር ገዝታ፣ ከየት እንደመጣ ሳትጠይቅ ተመለሰች። ብትጠይቀው እሱም «ለምንሽ ነው?» ይላታላ። ነገሩ በምሥጢር መያዝ ነበረበት፤ ናሁሰናይ እንኳ እንዳያውቅ።

ናሁሰናይ ግን ያን ዕለት ክዳኑን እንደከፈተ ቆም አለ። አፍንጫውን አቀረበ። «ዛሬ ሌላ ነው» አለ። «ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ግን ሌላ ነው።» ሻሚስ «ግመሎቹ ሌላ ቅጠል በልተው ይሆናል» አለችው። እኔ ልስቅ ስል አፌን ያዝኩ።

ፈይሰል ተመለሰ። በፈይሰል ሻይ ቤት የጠጣ ሁሉ ለሌላው ነገረ። ቀዝቃዛም የታጠነም ወተት ጅጅጋ ከዚያ በፊት አግኝታ አታውቅም። የማኅበሩ ሌሎች ሴቶችም ሻሚስን እያዩ ማጠን ጀመሩ፤ ማኅበር ውስጥ የሌሉ ወተት ሻጮችም ደንበኛ እንዳይሸሻቸው እነሱም ወይራ ገዙ። ማቀዝቀዣው ጠዋት ይሞላል፣ ከምሳ በፊት ባዶ ይሆናል። ሻሚስ እንደገና ወሬዋ በዛ። ሀምዲያ ስትደውል ራሷ ቀድማ «ማቀዝቀዣዬ ደህና ነው፣ አመሰግናለሁ» ትላት ጀመር።

በጋው ሊያልቅ ሲል፣ ሀይማኖት ውጤቱን ለማየት ልትመጣ ሁለት ቀን ሲቀራት፣ አብሽር መጣ። አብሽር ማኅበሩ የተራራውን ክልል እንዲጠብቅ የመረጠው ሽማግሌ ነው፤ ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ቀስ ብሎ ይናገራል። አንድ የወይራ ቅርንጫፍ ይዞ ነበር። ሳይቀመጥ ወደ ሻሚስ ወጥ ቤት ጀርባ አለፈ። ከተቀመጠው እስር አንድ እንጨት መዘዘና ከያዘው ጋር አጠገብ ለአጠገብ ምድር ላይ አስቀመጣቸው። የመጥረቢያው አቆራረጥ አንድ ነው፤ ሰያፍ፣ ጫፉ ላይ ስንጥቅ ያለው፣ የአንድ ጎደሎ መጥረቢያ ሥራ።

«ይሄን ከተራራው ላይ ከጉቶ ሥር አነሳሁት» አለ። «በላይኛው በኩል፣ እኔ ከጉልበቴ የተነሳ ዘወትር በማልወጣበት፣ ወይራዎቹን ቆርጠዋቸዋል። ገበያ ወርጄ ጠየቅሁ። ሻጩ ‹የወተት ሴቶቹ ይፈልጉታል፣ ከመጣ ይሸጣል› አለኝ።»

ሻሚስ ሁለቱን እንጨቶች ስታይ ቆየች።

«አዴር አብሽር፣ ብዙ ናቸው?» አለችው፤ አዴር አጎቴ እንደማለት ነው።

«የቆሙት ይበልጣሉ። ግን እንዲህ ከቀጠለ የሚቀጥለው ዓመት አይበልጡም።»

ከሰዓት በኋላ የማኅበሩ ሴቶች ወይራው ሥር ተሰበሰቡ። እኔ ይህኛውን ጊዜ ፎጣም አልያዝኩም፣ በቀጥታ ገባሁ። ሀሳቡ ብዙ ነበር። አንዷ ጉቶዎቹን በእሾህ እንሸፍናቸው አለች። ሌላዋ ልጅቷን በታችኛው መንገድ እንውሰዳት፣ ከዚያ የሚታየው አረንጓዴ ብቻ ነው አለች። አንዷ ደግሞ ጥፋቱ የእንጨት ሻጩ ነው፣ እሱን እንክሰስ አለች። ናሁሰናይ ጥግ ቆሞ ነበር፤ ስለ ጭሱ ያወቀው ገና ያኔ ነው። «ግመሎቹ የበሉት ቅጠል ይሄ ነው እንዴ?» አለ ቀስ ብሎ።

ሻሚስ ሁሉንም ሰማች። ከዚያ እንዲህ አለች፦ «ብንሸፍነው ማቀዝቀዣው ይቀርልን ይሆናል። ሰውየው ግን ነገም ወጥቶ ይቆርጣል፣ ምክንያቱም ነገም እንገዛዋለን። ወይራው ካለቀ ማቀዝቀዣው ምን ያደርግልኛል? የሆስፒታል ወተት ላቀዝቅዝበት? ጎርፉም ይመጣል፤ መጀመሪያ የሚገባው የእኔ ቤት ነው፣ ቀጥሎ የዚች» አለችና ወደ እኔ ጠቆመች።

«ከነገርሻት ወደ ሀምዲያ ይሄዳል» አለቻት አንዷ።

«አውቃለሁ» አለች ሻሚስ። ምንጣፉ ተጠቀለለ።

ሀይማኖት ስትመጣ ሻሚስ እኔን «ነይ፣ አማርኛዬ ሲያጥረኝ ትሞይልኛለሽ» አለችኝ። አማርኛዋ አጥሯት አያውቅም፤ በገበያ ስትከራከር ብትሰሟት የአራዳ ልጅ ናት ትላላችሁ። የፈራች ጊዜ ሰው አጠገቧ እንዲሆን ፈልጋ ነው። አብሽር መንገዱን መራን። ሻሚስ በታችኛው መንገድ አልወሰደቻትም፤ እኔን እያስለከለከኝ፣ ልጅቷን እያንሸራተታት ቀጥ አድርጋ ወደ ላይ ወጣች፣ ከጉቶዎቹ አጠገብም ቆመች።

ሀይማኖት ዙሪያዋን ተመለከተች። «ማን ቆረጠው?»

«መጥረቢያውን የያዘውን አላውቀውም» አለች ሻሚስ። «የቆረጠው ግን ለእኔ ነው። ወተቱን ለማጠን ገዛሁት። ከየት እንደመጣ አልጠየቅሁም፣ ምክንያቱም ደብቄ ነበር የምገዛው።»

«ለምን ተደበቁ?»

«ጭስ ክልክል ነው ብለሽ።»

ልጅቷ ግራ ገባት። «እኔ? እኔ ያልኩት ዛፍ ቆርጦ ማንደድ ነው። ለከሰል፣ ለማገዶ። ዕቃ ስለማጠን አላውቅም ነበር፤ ቢጠይቁኝ እነግርዎ ነበር፣ ወይዘሮ ሻሚስ።»

«አንቺስ ወተታችንን በምን እንደምናቆየው ብትጠይቂኝ ኖሮ?»

ነፋስ ሣሩን ያንቀሳቅሰዋል፤ ሣሩ እውነት ጉልበት ድረስ አድጓል፣ ይህን ማንም መካድ አይችልም። አብሽር አንድ ጉቶ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን ያሻሻል።

«ለአንድ ዕቃ ምን ያህል እንጨት ይበቃል?» አለች ሀይማኖት።

ሻሚስ አንድ ጣቷን አሳየቻት። «ይህን የምታክል።»

«ይህ ሁሉ ዛፍ ለዚያ ነው የተቆረጠው?»

«እኛ በጣት እናጥናለን፤ ሰውየው በጭነት ይቆርጣል። ወይራ ተፈለገ ሲባል ሰምቶ የቀረውን ለማገዶ ሸጦታል።»

ሀይማኖት ስልኳን አውጥታ ጉቶዎቹን ፎቶ አነሳች፣ ሁሉንም፣ አንድ በአንድ። ሻሚስ ቆማ አየቻት። ከዚያ ልጅቷ «ያየሁትን እንዳለ እጽፋለሁ። የነገሩኝንም እጽፋለሁ። ውሳኔው የእኔ አይደለም» አለች። ቆየት ብላ ደግሞ «ነገ ወተቱን በምን ሊያጥኑት ነው?» ብላ ጠየቀች።

ሻሚስ ወደ እኔ ዞረች። በሕይወቷ ሙሉ ከዚያ የከበደ ነገር የተናገረች አይመስለኝም። «ግቢዬ አጥር ላይ ወይራ አለ» አለች። «ከጎረቤቴ ጋር ሽምግልና ስላለብኝ ነው እንጂ።»

ያን ዕለት ከሰዓት፣ ሀይማኖት ከሄደች በኋላ፣ ሻሚስ መጋዝ ይዛ በሬን አንኳኳች። በአጥሩ ላይ አልጠራችኝም፤ ዞራ በትልቁ በር ነው የመጣችው፣ እንደ እንግዳ።

«በሽምግልናው መሠረት ፈቃድ ልጠይቅ መጣሁ» አለች።

«የምን ፈቃድ?»

«ጥሩአየሁ፣ ታውቂዋለሽ።»

«አላውቅም። ንገሪኝ።»

«ቅርንጫፍ ልቁረጥ።»

«ጥላሽን?» አልኳት።

መሳቅ አቅቷት ነበር፤ ዓይኗ ቀልቷል። ማቀዝቀዣው ሄደ ብላ ልቧ ቆርጧል። ያኔ እኔም ጨዋታውን ተውኩና ወንበር አወጣሁላት። ወንበሩን እኔ ያዝኩ፣ እሷ ወጣች። በእኔ ቆርቆሮ ላይ የተንጠለጠለውን፣ ስንት ዓመት የተጣላንበትን ቅርንጫፍ ቆረጠችው። ግንዱንና ሌሎቹን ቅርንጫፎች አልነካችም፤ ናሁሰናይ ከታች ሆኖ ቅርንጫፉን ተቀበለና እያሸተተ ጣት ጣት በሚያህል ከታተፈው። ለሳምንታት የሚበቃ ሆነ። በማግስቱ የማኅበሩ ሴቶች አንዷ የአክስቷን ግቢ፣ ሌላዋ የመስጊዱን አጥር እያነሱ ማን ወይራ እንዳለው ይቆጥሩ ጀመር። ከገበያ የሚገዛ አይኑር ተባለ። ወይራ የሌለው ሁሉ ክረምት ሲገባ ችግኝ ይትከል ተባለ። እኔን «ማኅበሩ ውስጥ ግቢ» አሉኝ፤ «ወተት ሳልጠጣ?» ብላቸው «ናሁሰናይስ?» አሉኝ።

መልሱ የመጣው ዝናቡ ከጀመረ በኋላ ነው። ሀይማኖት ደወለች፤ ሻሚስ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ በአጥሩ ላይ ያዘችልኝ። ማቀዝቀዣው እስከሚቀጥለው በጋ መጨረሻ በሙከራ እዚሁ ይቆያል፣ የተቆረጡት ጉቶዎች እየታጠሩ። ይጨመርላችኋል የተባለው ትልቁ ግን ወደ አውበሬ ይሄዳል።

ሻሚስ አመሰገነች፣ ስልኩን ዘጋች፣ አጥሩን ተደግፋ ትንሽ ቆየች። ወዲያው ስልኩ እንደገና ጮኸ፣ ሀምዲያ ናት።

«ትልቁ ወደ እኔ ነው» አለች።

«ሰማሁ። እንኳን ደስ አለሽ።»

«ያንቺ ትንሹ ነው።»

«ትንሹ ነው» አለች ሻሚስ። «ሀምዲያ፣ ግቢሽ ውስጥ ወይራ አለሽ?»

«ለምን?»

«ችግኝ እልክልሻለሁ። ካልሆነ ሆስፒታል ትከፍቻለሽ።»

አሁን አብሽር ከተራራው ሲወርድ ጉቶዎቹ ከሥራቸው ማቆጥቆጥ መጀመራቸውን ይነግረናል፤ ፍየል እንዳይደርስባቸው በእሾህ አጥሯቸዋል። ናሁሰናይ በየማለዳው ክዳኑን ይከፍትና መጀመሪያ በአፍንጫው፣ ቀጥሎ በቴርሞሜትሩ ያያል። ዛሬም አልቀመሰም፤ ፈይሰል ግን «እሱ ካሸተተው ይበቃኛል» ይላል።

የእኔ አሸንዳ ንጹሕ ነው። ውሃው በደንብ ወርዶ በርሜል ውስጥ ይገባል፣ ግድግዳዬም ደርቋል። ያላሰብኩት አንድ ነገር መጣብኝ እንጂ፤ ቅርንጫፉ ሲነሳ የጠዋት ፀሐይ ቀጥታ በመስኮቴ እየገባ ስፌት መኪናዬ ላይ ያርፋል፣ ክሩን ማየት አቃተኝ። ትናንት አጥሩ ላይ ወጥቼ ለሻሚስ ነገርኳት።

«ጥላዬን መልሺ» አልኳት።

ዕቃ እያጠነች ነበር፣ ቀና አላለችም። «ያድጋል» አለች። «እስከዚያ መጋረጃ ስፊ፣ ልብስ ሰፊ አይደለሽ?»